የአባት ስም ብቻውን ዋስትና አይሆንም፦ ስለ ድሬዳዋ ቤት አዳሾች

ድሬዳዋ ውስጥ ቤቱን ማሳደስ የፈለገ ሰው መጀመሪያ ድርጅት አይፈልግም፤ ሰው ይጠይቃል። «ያንተን ማን ሠራልህ?» ይላል። መልሱ ብዙ ጊዜ አንድ ቤተሰብ ነው። አባት ግንበኛ፣ ታላቁ ልጅ ሴራሚክ አንጣፊ፣ ታናሹ ኤሌክትሪክ ዘርጊ፣ የእህት ልጅ ቀለም ቀቢ፤ ሒሳቡን ደግሞ እናት ትይዛለች። ቢሮ የለም፣ ማስታወቂያ የለም። ያለው ስም ነው።

ይህ አሠራር የሚናቅ አይደለም። ከሩቅ መጥቶ ቅድሚያ ክፍያ ተቀብሎ ስልኩን ከሚዘጋ ኮንትራክተር፣ ለገሃሬ ወይም ሳቢያን ተወልዶ ያደገ ግንበኛ ይሻላል። ደንበኛውን ለቅሶ ላይ ያገኘዋል፣ መስጊድ ወይም ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ያገኘዋል፣ ገበያ ላይ ያገኘዋል። የሠራው ግድግዳ ከተሰነጠቀ መደበቂያ የለውም። ለትንሽ ከተማ ይህ ከማኅተም የበለጠ ዋስትና ነው።

ችግሩ ግን ስም የሚሠራው ጠብ እስኪመጣ ድረስ መሆኑ ነው። ጠብ ሲመጣ የሚጠየቀው ስም ሳይሆን ቃል የተገባው ነገር ነው፤ እሱ ደግሞ የትም አልተጻፈም። ዋጋው በቃል፣ የሥራው ዝርዝር በቃል፣ የሚያልቅበት ቀን በቃል። ውሉ ከሰዓት በኋላ በበርጫ ላይ ተጨባብጠው የታሰረ ነው። ከሁለት ወር በኋላ ሁለቱም የሚያስታውሱት የተለያየ ነገር ይሆናል፤ ሁለቱም ደግሞ ከልባቸው ነው የሚናገሩት።

«ደንበኛ ንጉሥ ነው» የሚለው አባባልም እዚህ ላይ መፈተሽ አለበት። ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. የምድር ባቡሩ ሲደርስ የተቆረቆረች፣ ደቻቱ ለሁለት የከፈላት ከተማ ናት። በአንድ በኩል ቀጥ ያሉ መንገዶች ያሏት ከዚራ፣ በሌላ በኩል ጠባብ መተላለፊያዎች ያሏት መጋላ። የከዚራ አሮጌ ቤቶች ጣሪያቸው ከፍ ያለ፣ ግድግዳቸው ወፍራም፣ ፊታቸው በረንዳ የሆነው ለጌጥ ብቻ አይደለም፤ ከተማዋ ሞቃት ስለሆነች ነው። ዛሬ ደንበኛው በስልኩ ላይ ያየውን ይዞ ይመጣል። «በረንዳውን በመስታወት ዝጋልኝ፤ የጂፕሰም ኮርኒሱን ዝቅ አድርግልኝ፤ ዙሪያውን መብራት ክተትበት» ይላል። «እሺ ጌታዬ» ብሎ የሚሠራ ቤተሰብ ርክክብ ቀን ይመሰገናል። ግንቦት ሲገባ ግን ያ ሳሎን ምድጃ ይሆናል፤ ባለቤቱም ወደ ግቢው ወጥቶ ይተኛል።

እውነተኛ የደንበኛ እርካታ የሚለካው ርክክብ ቀን ሳይሆን በዓመቱ ነው። የድሬ ውሃ ቧንቧ ውስጥ ድንጋይ እንደሚሠራ የከተማው ሰው ሁሉ ያውቃል። ቧንቧውን ግድግዳ ውስጥ ቀብሮ መዝጊያ ቫልቭ የት እንዳለ ሳያሳይ ሴራሚክ የሚያነጥፍ ሰው ያማረ መታጠቢያ ቤት ያስረክባል፤ ሲደፈን ግን ያ ሁሉ ሴራሚክ ይፈርሳል። ደቻቱ አጠገብ ወለሉን ዝቅ አድርጎ፣ ሶኬቱን ከወለል አንድ ስንዝር ከፍታ ላይ የሚተክልም እንዲሁ ነው። ሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ250 በላይ ሰው የበላባት ከተማ ውስጥ ይህ ቸልተኝነት ቀላል ጥፋት አይደለም። ንጉሥ እውነቱን የሚነግረው አማካሪ ያስፈልገዋል፤ «ይህ አይሆንም፣ ምክንያቱም…» ማለት የሚችል ባለሙያ ደንበኛውን አላስከፋም፣ አክብሮታል።

ከዚያ የገንዘቡ ጉዳይ አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ሰኔ ላይ በቃል ዋጋ የቆረጠ ቤተሰብ ነሐሴ ላይ ዕቃ ሊገዛ ሲወጣ ያገኘው ሌላ ገበያ ነበር። ዋጋው ሲጨምር ማን ይሸከማል የሚለው አስቀድሞ ካልተነገረ የቀሩት መንገዶች ሦስት ናቸው፦ ባለሙያው ከኪሱ ይከፍላል፤ ደንበኛው «ተጭበረበርኩ» ይላል፤ ወይም ደግሞ ግድግዳው ውስጥ ቀጭን ሽቦ ይገባል። ሦስተኛው አይታይም። የሚታየው እሳት ሲነሳ ነው።

ሌላው በሽታ ኪሱ አንድ መሆኑ ነው። የቤቱም የሥራውም ገንዘብ በአንድ መሀረብ ይቋጠራል። ሠርግ ሲመጣ ከዚያ ይወጣል፣ ሐዘን ሲመጣ ከዚያ ይወጣል። በመጨረሻም የአንዱ ደንበኛ ቤት የሚያልቀው በሌላው ደንበኛ ቅድሚያ ክፍያ ይሆናል። አዲስ ሥራ እስከመጣ ድረስ ይሄዳል፤ ሥራ የቀዘቀዘ ወር ላይ ግን ሁለት ሦስት ቤት ተገሽልጦ ይቀራል። ከውጭ ሀገር ለእናቱ ቤት እድሳት ገንዘብ የሚልክ ልጅ ፎቶ እየተላከለት ተስፋ ያደርጋል፤ እናቱ ግን አቧራ ውስጥ ናቸው። እዚህ ላይ ክፋት ላይኖር ይችላል። ውጤቱ ግን ከስርቆት አይለይም።

ፍትሐዊ ለመሆን ጥፋቱ የአንድ ወገን ብቻ አይደለም። «እግረ መንገድህን ይቺንም ነካ አድርግልኝ» የሚል ደንበኛ ሞልቷል። አንድ ክፍል ተብሎ የተጀመረ ሥራ ኩሽናና አጥር ይጨመርበታል፤ ዋጋው ግን የድሮው ነው። የመጨረሻውን ክፍያ «ዛሬ ነገ» እያለ ዓመት የሚያዘገይም አለ። ወረቀቱ ከደንበኛው እኩል ለግንበኛውም ጥላ ነው።

«የድሬ ልጅ ፍቅር ነው፤ ፈርም ማለት ስድብ ነው» የሚሉ ይኖራሉ። ስድቡ ግን የሚመጣው ውል ስለተጻፈ ሳይሆን ስላልተጻፈ ነው። ጎረቤታሞች ሰላምታ የሚነፋፈጉት በፊርማ ምክንያት አይደለም። በሕጉ የእድሳት ውል በቃልም ይጸናል፤ ክርክር ሲነሳ ግን የቃልን ነገር ማስረዳት ፈተና ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2610 ላይ የሥራ ተቋራጭን ሲተረጉም በራሱ ኃላፊነት አንድን ውጤት ለማስገኘት የገባ ሰው ይለዋል። ቃሉ «ውጤት» ነው፤ «ለፍቻለሁ» ማለት አይበቃም። ውጤቱ ምን እንደሆነ የሚነግረን ደግሞ ወረቀት ነው።

ወረቀቱ አንድ ገጽ ይበቃዋል። የእጅ ዋጋና የዕቃ ዋጋ ለየብቻ ይጻፍ። ዕቃው በደረሰኝ ይገዛ፤ የተሰጠው ዋጋ ለስንት ቀን እንደሚጸና ይገለጽ። ክፍያው በደረጃ ይከፈል፤ ልስን ሲያልቅ ይህን ያህል፣ ወለል ሲያልቅ ይህን ያህል። መጨረሻ ላይ የሚያዝ ትንሽ ገንዘብ ይኑር፤ የሚለቀቅበትም ቀን ይቆረጥ። ሥራ ሲጨመር ከመነካቱ በፊት ዋጋው ከሥር ይጻፍ፣ ሁለቱም ይፈርሙ። ሲያልቅ ደግሞ ቧንቧና ሽቦ በየት በየት እንዳለፈ ግድግዳው ሳይዘጋ የተነሳ ፎቶ ለባለቤቱ ይሰጥ። አባት ሲያልፉ የቤቱ ምስጢር አብሮ አይቀበር።

ቤተሰቡም የራሱን ቤት ያጽዳ። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ ማኅበር እንዲያቋቁም ስለፈቀደ የቤቱንና የሥራውን ገንዘብ መለየት ለትንሹም የተከፈተ መንገድ ሆኗል። የእህት ልጅ ስለሆነ ብቻ ሴራሚክ የሚያነጥፍ መኖር የለበትም። በ578 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ተመሠረተ የሚባለው የጃፓኑ የቤተ መቅደስ ግንባታ ድርጅት ኮንጎ ጉሚ ከ1,400 ዓመት በላይ በአንድ ቤተሰብ ሲመራ የኖረው በደም ብቻ አይደለም። የበኩር ልጅ ካልበቃ የበቃው ይመረጥ ነበር፤ አማች ሳይቀር የቤተሰቡን ስም ወስዶ ይመራ ነበር። በ2006 በሌላ ኩባንያ የተጠቀለለውም ሙያ አንሶት ሳይሆን በሪል እስቴት ዕዳ ተጠልፎ ነው። ትምህርቱ ለሳቢያንም ይሠራል፦ ወንበሩን ለሙያ ስጥ፣ የሰው ገንዘብ ላይ አትቁም።

የከተማው አስተዳደርም ከእድሳቱ ፈቃድ ባሻገር ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ሥራ ሊሠራ ይችላል። በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ የተዘጋጀ የአንድ ገጽ ናሙና ውል በየቀበሌው ይቀመጥ። ለፍርድ ቤት የሚሆን አቅም የሌለው ሰው ቢያንስ ለሽማግሌ የሚያሳየው ነገር ይኖረዋል።

ጥሩ ቤት አዳሽ ቤተሰብ የሚለየው ክረምቱ ሲያልፍ ሳይጠራ መጥቶ ጣሪያውን ቀና ብሎ በማየት ነው። ያንን የሚያደርግ ቤተሰብ ወረቀት አይፈራም። ወረቀት የሚፈራውን ደግሞ ስሙ የቱንም ያህል ቢገን፣ ሰው የዕድሜ ልክ ቁጠባውን ከመስጠቱ በፊት ሁለት ጊዜ ያስብ።