ስንቁ የተቋረጠ ዕለት

ኢሎን መስክ በ2017 ዓ.ም. ግንቦት ቴክሳስ ላይ ለሠራተኞቹ ሲናገር ለማርስ ከተማ አንድ መመዘኛ አስቀምጧል፤ ከምድር የሚሄደው ስንቅ በሆነ ምክንያት ቢቋረጥ ከተማዋ ራሷን ችላ መኖር አለባት። መመዘኛው ልክ ነው። ልክ ያልሆነው መልሱ ነው፤ ወደ አንድ ሚሊዮን ሰውና ወደ አንድ ሚሊዮን ቶን ዕቃ ከተጓጓዘ በቂ ነው የሚለው ግምት።

ሰፈራን በቅርብ የሚያውቅ የወላይታ ሰው የሰፋሪ ቁጥር እንዲህ በቀላሉ አያሳምነውም። መሬት የጠበበበት ደገኛ በ1960ዎቹ ዋዱ በተባለው የእርሻ ልማት ድርጅት አማካይነት ወደ አበላ ቆላ ሲወርድ ሰፊ መሬት አገኘ። ወባና ገንዲም አብረው ጠበቁት። በሬው በገንዲ የወደቀበት ገበሬ መሬት ስላለው ብቻ አያርስም።

መስክ ያስቀመጠው ፈተና ኢትዮጵያ ውስጥ አንዴ ተሞክሯል። በ1977 እና 78 ዓ.ም. ደርግ ወደ 600 ሺህ ሰው ሲያሰፍር ከፊሉ ፓዌ ወረደ። የጣሊያን መንግሥት ገንዘብ ሰጠ፤ ሳሊኒ የተባለው የጣሊያን ተቋራጭ ትራክተር፣ መንገድና ሆስፒታል ይዞ ገባ። በ1983 ዓ.ም. ግድም እርዳታው ሲቋረጥ፣ ጸጥታውም ሲደፈርስ፣ ትራክተሩ ቆመ፤ ብዙ ሰፋሪም ወደ ቀዬው ተመለሰ። የቀረው በእጁ ቆፍሮ ኖረ፤ ፓዌም ዛሬ ድረስ አለች። የቀረውም የተመለሰውም የዳነው ዝናብ ስለዘነበለት፣ አየሩን ማንም ስላልቸረቸረለት፣ የመመለሻውም መንገድ በእግር የሚሄዱበት ስለነበረ ነው።

ማርስ ላይ ከእነዚህ አንዱም የለም። የአየሩ ግፊት ከምድር አንድ በመቶ አይሞላም፤ ለጉዞ የሚመች ጊዜ የሚገጥመውም በየ26 ወሩ ነው።

አፈሩስ? ወላይታ ውስጥ ከቤቱ ዙሪያ ያለው ዳርኩዋ፣ እንሰቱ የቆመበት ጓሮ፣ ጥቁርና ለስላሳ ነው። ሴቶች በየማለዳው ከከብቶቹ ማደሪያ ፍግ፣ ከምድጃው አመድ እያወጡ ለዓመታት ያበጁት አፈር ነው። ጥቂት እርምጃ ራቅ ሲሉ ያለው ሾቃ ፍጉ ስለማይደርሰው ይቀላል፣ ይሳሳል። ፊኒክስ የተባለችው መንኮራኩር እ.አ.አ. በ2008 የመረመረችው የማርስ አፈር ደግሞ የእንቅርት ዕጢን የሚያውክ ፐርክሎሬት የተባለ ጨው አለበት። አንድ ሚሊዮን ቶን ዕቃ ተጭኖ ሄደ ማለት ዳርኩዋ ተሠራ ማለት አይደለም።

ለም አፈር ቢገኝም ነገሩ አያልቅም። እ.አ.አ. ከ1991 እስከ 1993 አሪዞና ውስጥ ስምንት ሰዎች ባዮስፌር 2 በተባለ የታሸገ የመስታወት ሕንፃ ውስጥ ገብተው ነበር። በአፈሩ ውስጥ ያሉ ረቂቅ ተሕዋስያን ኦክስጅኑን ፈጁት፤ የወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ደግሞ ኮንክሪቱ መጠጠው። ኦክስጅኑ ከ21 በመቶ ወደ 14 ግድም ወረደ፤ ከውጭ ተጭኖ ባይገባላቸው ኖሮ መቀጠል አይችሉም ነበር። ይህ የሆነው ምድር ላይ ነው፤ ረዳቱም በር ላይ ቆሞ ነበር።

መስክ እ.አ.አ. በ2017 አውስትራሊያ ላይ ሰው በ2024 ወደ ማርስ እንዲጓዝ አቅዶ ነበር፤ ዓመቱ ማንም ሳይሄድ አለፈ። መዘግየቱ ይቅር የሚባል ነው። ምርምሩም መቆም የለበትም፤ እንጦጦ ላይ ቴሌስኮፕ የተከለች አገር ሌላው ሰማይን አይመርምር ልትል አትችልም።

ሰው ማስፈር ግን ሌላ ነው። የመጀመሪያው ሰፋሪ ወዶና ፈርሞ ይሄዳል። እዚያ የሚወለደው ልጅስ? የማርስ ስበት የምድርን 38 በመቶ ብቻ ነው፤ በዚያ ስበት የተፀነሰም ያደገም ሕፃን እስካሁን የለም። አጥንቱ በዚያ ጠንቶ የአያቶቹን አገር ክብደት ይችል እንደሆነ፣ ልመለስ ቢል መመለስ ይችል እንደሆነ፣ መስክም ናሳም ገና መልስ የላቸውም።