በቀን ሦስት መስመር

የዕለት ማስታወሻ መጻፍ መጀመር ቀላል ነው፤ መቀጠሉ ግን ይከብዳል። በመስከረም አዲስ ደብተር ገዝተው ውሎአቸውን መጻፍ የሚጀምሩ እናቶችና ሠራተኞች ጥቂት አይደሉም። ይሁን እንጂ የመጀመሪያው ሳምንት ገጾች ጢም ብለው ሲሞሉ፣ የሁለተኛው ሳምንት ይሳሳል፤ ጥቅምት ሲገባ ደብተሩ ከመሳቢያ አይወጣም። ምክንያቱ ሲጠየቅ መልሱ «ጊዜ የለኝም» ነው። ከሥራ መልስ ወጡ፣ ልብሱና የልጆች ጥናት ለሚጠብቃት እናት ይህ ሰበብ ብቻ አይደለም፤ እውነት ነው።

ሆኖም ጊዜም ምቾትም ሳይኖራቸው መጻፍን የዘወትር ሥራቸው ያደረጉ ሰዎች በአገራችን አሉ። በጋይንት የሚገኘው ቤተልሔም ከጥንት ጀምሮ የታወቀ የድጓ ትምህርት ቤት ነው። የድጓ ተማሪ ዜማውን ከመምህሩ ከመቀበሉም ሌላ፣ መጽሐፉን በገዛ እጁ ገልብጦ መጻፍ የቆየ ልማድ ነው። ተማሪው አኩፋዳውን አንግቶ፣ የዕለት ምግቡን ለምኖ የሚያድር ነው። ድጓ ደግሞ የዓመቱን በዓላት መዝሙር የያዘ፣ ከቃሉ በላይ የዜማ ምልክት የሚጻፍበት ትልቅ መጽሐፍ ነው። በመሆኑም በአንድ ሳምንት ልጨርስ ብሎ የሚነሣ የለም። ጥቂት በጥቂት ይጻፋል፤ ያልቃልም።

ይህ ዕድል በአመዛኙ የወንዶች ነበር። የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ እናቶች፣ እንደ ሌላው የገጠር እናት ሁሉ፣ አብዛኞቹ ፊደል ሳይቆጥሩ ኖረዋል። የልጃቸውንም ልደት የሚያስታውሱት በበዓል ወይም በድርቅ ዘመን ነበር። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር በመላው አገሪቱ ብዙ ሴቶች ለመጀመሪያ ጊዜ ስማቸውን ጻፉ። ነገር ግን ምስክር ወረቀታቸውን ከተቀበሉ በኋላ እርሳስ ሳያነሡ ከቆዩት ውስጥ ፊደሉን መልሰው የረሱ አሉ። ከዚህ የምንረዳው፣ ጽሕፈት የሚጸናው በዘወትር ልምምድ መሆኑን ነው።

እንግዲህ ማስታወሻ መያዝ የምትፈልግ እናት ከሁሉ አስቀድሞ ሥራውን ታሳንሰው። በቀን ሦስት መስመር ይበቃል። አንዱ የዕለቱ ወጪና ብድር ይሁን። ሁለተኛው የልጆች ጤናና ትምህርት ነው፤ ሐኪም «ትኩሳቱ መቼ ጀመረው?» ሲል ደብተሩ ይመልሳል። ሦስተኛው መስመር ግን የራሷ ይሁን፤ ያስደሰታት፣ ያስከፋት ወይም ያሰበችው ይጻፍበት። ቀኑን ሙሉ ለሌላው ስትደክም ለምትውል ሴት ከሁሉ የሚበልጠው ይህ መስመር ነው።

ሁለተኛ፣ ጽሕፈቱ ከማይቀር የቤት ሥራ ጋር ይያያዝ፤ ለምሳሌ ልጆች እንደ ተኙ ወይም ቡናው እስኪፈላ። እርሳሱ በክር ከደብተሩ ጋር ይታሰር፤ እርሳስ ፍለጋ ብዙ ማስታወሻ አስቀርቷልና።

ሦስተኛ፣ አንድ ቀን ወይም አንድ ሳምንት ቢያመልጥ ያለፈውን ለማካካስ አይሞከር። ብዙ ደብተር የሚሞተው ባመለጠው ቀን ሳይሆን ያንን ለመሙላት በሚደረገው ጥረት ነው። የዛሬውን ቀን ጽፎ መቀጠል ብቻ ነው። ስለ ባዶ ገጽም ማንም አይወቅስም።

ባልና ልጆችም ድርሻ አላቸው። ደብተሩን ያለ ፈቃድ አለመግለጥ፣ ለዚያች አሥር ደቂቃም ሕፃኑን መያዝ ትልቅ እርዳታ ነው። ትነበባለሁ ብላ የምትሰጋ እናት ሦስተኛውን መስመር አትጽፈውም።

በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባላል። ልጅ ከእናቱ የሚወርሰው ቤትና ዕቃ ብቻ አይሁን፤ የእጅ ጽሑፏንም ይውረስ። ለዚህም የዛሬ ማታ ሦስት መስመር መነሻ ይሆናል።