ድግሱ የማን ነው?



የምረቃው ወራት በተቃረበ መጠን አንድ ወሬ ከመኝታ ክፍል ወደ መኝታ ክፍል እየዞረ ነው። ከየተመራቂው መዋጮ ተሰብስቦ፣ በላፍቶ ካሉት አዳራሾች አንዱ ተከራይቶ፣ ቀይ ምንጣፍ ተነጥፎ፣ ሁላችንም እንደ ሆሊውድ ተዋንያን ለብሰን እንድንገባ የሚጠይቅ ሐሳብ ቀርቦልናል። ሐሳቡን ያመጣው አንድ የዝግጅት ነጋዴ ነው፤ ስሙን መጥራት አያስፈልገንም፤ ነገሩ የአንድ ሰው ነገር አይደለምና። እኛ ይህን ሐሳብ እንቃወማለን። የምንቃወምበትንም ምክንያት ሳንሸሽግ እንናገራለን።

አስቀድሞ ግን አንድ ነገር ይታወቅልን። እኛ የደስታ ጠላቶች አይደለንም። አራትና አምስት ዓመት ተምሮ የጨረሰ ሰው ከወላጆቹና ከጓደኞቹ ጋር ቢበላ፣ ቢጠጣ፣ ቢጨፍር ተገቢ ነው። ድግስ ማሰናዳትንም የተናቀ ሙያ ነው አንልም። ይህ ሙያ ከባሕር ማዶ የመጣ የሚመስለው ሰው ቢኖር የገዛ ቤቱን ታሪክ ያልመረመረ ነው። በምኒልክ ግቢ ግብር ሲገባ አጋፋሪው ማን ቀድሞ ማን ተከትሎ እንደሚገባ ያውቅ ነበር፤ አሳላፊው ለእያንዳንዱ የሚገባውን ያደርስ ነበር፤ እንጀራ ቤቱ፣ ወጥ ቤቱ፣ ጠጅ ቤቱ በየአለቃው ይታዘዝ ነበር። እቴጌ ጣይቱ በ1880 ዓ.ም. ለእንጦጦ ማርያም በዓል ያሰናዱት ድግስ በጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ የታሪክ መጽሐፍ እስከ መመዝገብ ደርሷል። እንግዲህ ሙያው አለን። ያ ግብር በገባሩ ጉልበት የተሞላ፣ ሰውን በማዕረግ ከፍና ዝቅ አድርጎ የሚያስቀምጥ ስለ ነበረ ወደ እርሱ እንመለስ አንልም። የምንለው ይህን ነው፤ ድግስ ዘወትር አንድ ነገር ይናገራል፤ ድግሱ የማን እንደ ሆነና ማን ውጭ እንደ ቀረ ይናገራል።

ይህን የዘነጉ ሰዎች ምን እንደ ደረሰባቸው ታሪክ ምስክር ነው። በጥቅምት 1964 ዓ.ም. የኢራን ሻህ የፋርስን መንግሥት 2,500ኛ ዓመት በፐርሴፖሊስ በረሃ አከበረ። ድንኳኖቹ ከፓሪስ፣ ምግቡም ማክሲም ከተባለው የፓሪስ ምግብ ቤት መጣ፤ ወታደሮች የጥንት ፋርስ ልብስ ለብሰው ተሰለፉ። የእኛም ንጉሠ ነገሥት ከክብር እንግዶቹ አንዱ ነበሩ። ዛሬ «ቲም» የሚሉት ነገር ከዚያ በላይ ተሟልቶ የታየበት ቦታ አይገኝም። ሆኖም የኢራን ሕዝብ በዚያ ድግስ ተመልካች እንኳ አልነበረም፤ ስምንት ዓመት ሳይሞላም ሻህ ከአገር ተሰደደ። በእኛም አገር የወሎ ረሃብ ምስል ከቤተ መንግሥት ድግስ ጋር ተቀናብሮ በአዲስ ዓመት ምሽት በቴሌቪዥን ታየ፤ በማግሥቱ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሡ ከዙፋን ወረዱ። ይህን ያሳየው ደርግ ግን ትምህርቱን ለራሱ አልወሰደውም። በመስከረም 1977 ዓ.ም. ኮረም ላይ ሰው በረሃብ ሲረግፍ አዲስ አበባ የአብዮቱን 10ኛ ዓመት በሰልፍና በቀይ ጨርቅ አጊጣ አከበረች።

«ይህ የነገሥታት ነገር ነው፤ እኛ አንድ ሌሊት ብንደሰት ምን አለበት?» የሚል ይኖራል። መልሳችን ወደ ላፍቶ ይወስደናል።

ከእኛ መካከል በላፍቶ፣ በለቡና በጀሞ የምንኖር፣ ቅዳሜና እሑድም ለዲኮር ሠራተኞች ወንበር የምናመላልስ ስላለን ነገሩን ከጓዳው እናውቀዋለን። ደንበኛው ገና እንደ ተቀመጠ የሚጠየቀው «ማንን ነው የምትጋብዙት? ወላጆቻችሁ ከየት ይመጣሉ? ምን ዘፈን ያውቃሉ?» ተብሎ አይደለም። «ቀለማችሁ ምንድን ነው?» ተብሎ ነው። ከስልክ ላይ የዱባይ ወይም የሌጎስ ሠርግ ፎቶግራፍ ይታያል፤ ቅድሚያ ክፍያ ይከፈላል። ከዚያ በኋላ ያው የፕላስቲክ አበባ፣ ያው ፊኛ፣ ያው የወንበር ልብስ፣ ከሙሽሮች ጀርባ የሚተከለው ያው ግድግዳ ይመጣል። ኬኩም ስድስት ረድፍ ሆኖ ሲቆም የሚበላው አንዳንድ ጊዜ የላይኛው ብቻ ነው፤ የቀረው ፎም ነው። ሌሊት እንግዳው ሲሄድ ሁሉ ተነቅሎ በአይሱዙ ይጫንና በማግሥቱ ለሌላ ሰው «ልዩ» ሆኖ ይተከላል። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይሏል ይህ ነው።

የሚያሳዝነው ደግሞ ይህ ነው። ኢትዮጵያ ከአፍሪካ አገሮች አበባ ወደ ውጭ በመላክ ከኬንያ ቀጥላ 2ኛ ናት። ጽጌረዳው ሰበታ፣ ሆለታና ባቱ ላይ ይበቅላል፤ ሰበታ ደግሞ ከላፍቶ ሩቅ አይደለችም። እውነተኛው አበባ በአውሮፕላን ወደ አውሮፓ ሲሄድ እኛ የፕላስቲኩን በውጭ ምንዛሪ አስመጥተን እንነግሥበታለን። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ምን ያህል እንደ ተወደደ ለተማሪ መንገር አያሻም። የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ጥበብ፣ የሐረር ስፌት፣ ቄጤማውና አደይ አበባው እያለ አዳራሹን በናይለን መሸፈን ሥልጣኔ አይደለም፤ ዕዳ ነው።

ከገንዘቡ የበለጠ የሚጎዳን ግን ሌላ ነው። በየመንደራችን ያለው ዕድር ድንኳን አለው፤ አግዳሚ ወንበር፣ ድስት፣ ሳሕን አለው። ይህ ዕቃ ለኀዘን ብቻ ሳይሆን ለደስታም ይወጣል። ድግስ በቀረበ ጊዜ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ በ2013 ዓ.ም. ወደ ኃይሌ ጋርመንት ከተዛወረው አትክልት ተራ ሽንኩርት በኩንታል ተጭኖ መጥቶ፣ እየተሣሣቀ ይላጣል፣ ይከተፋል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ዛሬ ግን ያቺ ሽንኩርት የላጠች ጎረቤት «ለሁለት ሰው ብቻ» የሚል ካርድ ይደርሳታል፤ ከበሩም ላይ ስሟ ከዝርዝር ይፈለጋል። የድግሱ ባለቤት የነበረችው ሴት ተመልካች ሆነች። በሚቀጥለው ዓመት ኀዘን ሲመጣ ግን የሚጠራው የዲኮር ነጋዴው አይደለም፤ እርሷ ናት።

እንግዲህ የማይረሳ በዓል ምን ዓይነት ነው? ምሳሌው ከደጃችን ነው። መስቀል በ2006 ዓ.ም.፣ የሲዳማ ፍቼ ጨምበላላ በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ መዝገብ ሲገቡ ፊኛ አልነበራቸውም። ደመራ አንድ ሐሳብ አለው፤ የተቀበረው ተገኘ ነው። ሐሳቡም በችቦው፣ በጢሱ፣ በመዝሙሩ፣ እንጨቱ በሚወድቅበት አቅጣጫ ይታያል። በፍቼ ሽማግሌዎች ከዋክብትን ተመልክተው ቀኑን ይወስናሉ። በቡሄ ሕፃናት ጅራፍ ያጮኻሉ፤ እናት ሙልሙል ትሰጣለች። በአሸንዳና በሻደይ ልጃገረዶች ከበሮውን ይመታሉ። በእነዚህ ሁሉ ያለ ሥራ የተቀመጠ ሰው የለም። በዓሉ የሚታወሰውም ሁሉም አንድ ነገር ስለ ሠራበት ነው እንጂ ቀለሙ ስለ ገጠመ አይደለም። ቲም ማለት ይህ ከሆነ ቲም ለእኛ አዲስ አይደለም።

የተማሪው ማኅበርም የራሱ ታሪክ አለው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የኮሌጅ ቀን ሲከበር ተማሪዎች ንጉሡ ባሉበት ግጥም ያነብቡ ነበር። የታምሩ ፈይሳ «ደሃው ይናገራል» የተሰማው በዚያ በዓል ነው። የዚያን ቀን መጋረጃ ምን ቀለም እንደ ነበረ የሚጠይቅ የለም፤ ግጥሙ ግን ዛሬም ይነሣል። በመጋቢት 1960 ዓ.ም. ደግሞ ተማሪዎች በራስ መኮንን አዳራሽ የፋሽን ትርዒት መታየቱን ተቃወሙ። ጥያቄያቸው ተገቢ ነበር፤ ቁጣው በትርዒቱ በተካፈሉት ሴቶች ላይ መውረዱ ግን ተገቢ አልነበረም። እኛም ዛሬ ማንም ተማሪ ስለ ለበሰችው ቀሚስ እንድትሰደብ አንፈቅድም። ጠባችን ከልብሱ ጋር ሳይሆን ከሚሸጥልን ሐሳብ ጋር ነው።

«ይህ ንግድ ለወጣቱ ሥራ ፈጥሯል» የሚለውን ክርክር አናጣጥልም። እንዲያውም ሥራው እንዲሰፋ እንመኛለን። ነገር ግን ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት መድረክ ነቅሎ የሚጭን ልጅ ውል የለውም፤ ወደ ቤቱ የሚወስደው መኪና የለውም፤ የሚከፈለውም በአለቃው ፈቃድ ነው። ሥራ ፈጠርን የሚሉ ሥራውን ሥራ ያድርጉት። እውነተኛ ባለሙያ የእንግዳውን ብዛት፣ የምግቡን ሰዓት፣ የአረጋውያንን መቀመጫ፣ የጾመኛውን ማዕድ፣ የመብራቱንና የውሃውን ነገር አስቀድሞ የሚያስብ ነው። እንዲህ ያለ ባለሙያ ዋጋው ይገባዋል፤ ፎቶግራፍ ለሚገለብጥ ግን የአባቶቻችንን ላብ አንከፍልም።

ስለዚህ ለሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ የሚከተለውን እናቀርባለን።

1ኛ. መዋጮው በፈቃድ ይሁን፤ መክፈል ያልቻለ ተመራቂም እንደ ማንኛውም ይግባ።

2ኛ. ዝግጅቱ በዩኒቨርሲቲው አዳራሽ ይሁን፤ ድንኳንና ወንበር ከዕድር እንከራይ፣ ኪራዩም ለዕድሩ ይግባ።

3ኛ. ከየክፍለ ሀገሩ የመጣው ተማሪ የአካባቢውን ዘፈንና ምግብ ያቅርብ፤ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በሲዳምኛና በሌሎችም ቋንቋዎች ግጥም ይነበብ።

4ኛ. ከፊተኛው ረድፍ የሚቀመጡት ባለሥልጣኖች ሳይሆኑ ከገጠር የመጡ ወላጆች ይሁኑ።

5ኛ. ባለሙያ ከተቀጠረ ለሠራተኞቹ የጽሑፍ ውልና የሌሊት መጓጓዣ መኖሩ ይረጋገጥ።

ልጁ ሲመረቅ ሊያይ በሬውን ሸጦ አውቶቡስ የተሳፈረ አባት ቀይ ምንጣፍ ላይ ሲደርስ እንዲያፍር አናደርግም። እርሱ እንግዳ አይደለም፤ የድግሱ ባለቤት ነው። እጃችሁን ስታወጡ ይህን አስታውሱ።