እጅ አያቆጠቁጥም

የዛሬው ንባባችን ስለ ሞተር መጋዝ ነው። በተለይም ረጅም ዘንግ ስላለው፣ ከመሬት ቆመን ከፍ ያለ ቅርንጫፍ ስለምንቆርጥበት መጋዝ እንነጋገራለን። ቀስ ብላችሁ አንብቡ። የከበዳችሁ ቃል ካለ ከጎናችሁ ያለውን ሰው ጠይቁ።

ከወረታ ወደ ጎንደር በሚወስደው አስፋልት ስንጓዝ፣ የፎገራን ሜዳ አልፈን አዲስ ዘመን ከተማ እንደርሳለን። ከከተማዋ በላይ ተራራው ላይ የጣራ ገዳም ደን ይታያል። በደኑ ውስጥ ጥድ አለ፣ ወይራ አለ፣ ክትክታና አጋምም አለ። ወደ ታች ወረድ ስንል ደግሞ በየደጁና በየማሳው ዳር ባሕር ዛፍ እናያለን። ባሕር ዛፍ ወደ አገራችን የገባው በአፄ ምኒልክ ዘመን ነው። ዛሬ ቤት ይሠራበታል፣ ይነዳል፣ ተሸጦ ለልጆች ደብተር ይገዛበታል።

አባቶቻችን ዛፍ የሚቆርጡት በምሳርና በገጀራ ነበር። እኛም ምሳሩን አልጣልነውም። አሁን ግን ሞተር መጋዝ ወደ ገጠሩ ገብቷል። በምሳር ብዙ ሰዓት የሚፈጀውን ሥራ በጥቂት ደቂቃ ይጨርሰዋል። ሥራውን እንዳፈጠነው ሁሉ ግን አደጋውንም አፍጥኖታል። የመጋዙ ሰንሰለት በ1 ሰከንድ ውስጥ 20 ሜትር ገደማ ይሮጣል። «አንድ» ብለን ሳንጨርስ ከቤታችን ደጅ እስከ አጥሩ ደረሰ ማለት ነው። «ወየው» ለማለት እንኳ ጊዜ አይሰጥም።

የሚገርም ነገር እንንገራችሁ። የሰንሰለት መጋዝ መጀመሪያ የተሠራው ለእንጨት አልነበረም። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1780ዎቹ ሁለት የስኮትላንድ ሐኪሞች በእጅ የሚሳብ ትንሽ የሰንሰለት መጋዝ አወጡ። የሠሩት አጥንት ለመቁረጥ ነበር። ከብዙ ዘመን በኋላ፣ በ1926፣ አንድሬያስ ስቲል የተባለ ጀርመናዊ በኤሌክትሪክ የሚሠራ የእንጨት መጋዝ ሠራ። ቀጥሎም የቤንዚኑ መጣ። እንግዲህ ይህ መሣሪያ አጥንትን ከእንጨት አስቀድሞ ያውቀዋል። ሰንሰለቱ እግርና ግንድ አይለይም። የሚለየው ባለሙያው ነው።

ባሕር ዛፍ ሲቆረጥ ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ከጥቂት ዓመት በኋላ እንደገና አጠና ይሆናል። የጣራ ገዳም ጥድ ግን ከጉቶው አያቆጠቁጥም። አንዴ ከተቆረጠ ተቆረጠ ነው። የሰው እጅም እንደ ጥዱ ነው። ጣት አያቆጠቁጥም፣ ዓይን አያቆጠቁጥም። የቤቱ አባወራ ቢጎዳ ማን ያርሳል? ማን ያጭዳል? ስለዚህ ሳይቃጠል በቅጠል እንበል።

ሥራ ከመጀመራችን በፊት

ጋቢም ኩታም አውልቁ። ሰንሰለቱ ጫፉን ከያዘው ሰውየውን ይስባል። ገጠም ያለ ልብስና ጠንካራ ቦት ጫማ አድርጉ። በባዶ እግር ወይም በበረባሶ አትሥሩ። የራስ ቆብ፣ የዓይን መነጽርና የጆሮ መሸፈኛ ያስፈልጋል። የጆሮው መሸፈኛ ቅንጦት አይደለም። የሞተሩ ጩኸት ዛሬ ባያሳምም ውሎ አድሮ ያደነቁራል። ጠላም ሆነ አረቄ ቀምሳችሁ መጋዝ አትያዙ።

ቤንዚን የምትቀዱት ሞተሩ ጠፍቶ ከበረደ በኋላ ይሁን። እሳትና ሲጋራ አይቅረብ። ከቀዳችሁበት ቦታ 3 ሜትር ራቅ ብላችሁ አስነሱ። ከመሣሪያው ጋር የሚመጣ መጽሐፍ አለ። ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር በምን ያህል እንደሚደባለቅ በቁጥር ተጽፎበታል። ቁጥር ማንበብ የቻለ ሰው በግምት አይቀዳም።

ሥራ ላይ ስንሆን

አንደኛ፣ ሰው አርቁ። ቅርንጫፍ ሲወድቅ እናቶች ለማገዶ፣ ልጆችም ለጨዋታ ወደ ዛፉ ሥር ይሮጣሉ። ትልቁ አደጋ ይሄ ነው። 15 ሜትር፣ ማለትም 20 እርምጃ ያህል፣ ማንም እንዳይቀርብ አድርጉ። ማገዶው የትም አይሄድም። ሞተሩ ሲጠፋ ይለቀማል።

ሁለተኛ፣ ከምትቆርጡት ቅርንጫፍ ሥር አትቁሙ። ዘንጉን ወደ ሰማይ ቀጥ አድርጋችሁ አትያዙ። ዘንበል አድርጉት። ቅርንጫፉ ሲመጣ የምትሸሹበትን መንገድ አስቀድማችሁ ከድንጋይና ከቁጥቋጦ አጽዱ።

ሦስተኛ፣ ሞተር መጋዝ ይዛችሁ መሰላል ላይ አትውጡ። ዘንግ የሌለውን መጋዝም ከትከሻችሁ በላይ አንሥታችሁ አትቁረጡ።

አራተኛ፣ የመጋዙን ጫፍ ጠብቁ። ሰንሰለቱ የሚዞርበት ረጅም ብረት አለ። የዚያ ብረት የላይኛው ጫፍ ሌላ እንጨት ከነካ መጋዙ ዘሎ ወደ ያዘው ሰው ይመለሳል። ስለዚህ በሁለት እጅ አጥብቃችሁ ያዙ። ከወዲያ ሌላ ቅርንጫፍ አለመኖሩን እዩ።

አምስተኛ፣ ወፍራም ቅርንጫፍ በሦስት ጊዜ ይቆረጣል። መጀመሪያ ከግንዱ ስንዝር ተኩል ያህል ርቃችሁ ከሥር ወደ ላይ ጥቂት ቁረጡ። ቀጥሎ ከዚያ ትንሽ ወደ ውጭ ሄዳችሁ ከላይ ወደ ታች ቁረጡ። ቅርንጫፉ ይወድቃል። በመጨረሻ የቀረውን ጉጥ ግንዱ አጠገብ አስተካክሉ። ቅርንጫፉ ከግንዱ የሚበቅልበትን እብጠት ግን አትንኩ። ዛፉ ቁስሉን የሚሸፍነው በእሱ ነው። በአንድ ጊዜ ከላይ ብቻ ከቆረጣችሁ ቅርንጫፉ በክብደቱ ይገነጠላል። የግንዱን ልጥ ገፎ ይወርዳል። የተገፈፈ ዛፍ ደግሞ ይታመማል።

የመብራት ሽቦ ካለ

ባሕር ዛፍ ቶሎ ያድጋል። ትናንት ከሽቦው በታች የነበረው ዛሬ ሽቦውን ይነካል። በትልልቁ ምሰሶ የሚያልፈው መስመር 15 ሺህ ወይም 33 ሺህ ቮልት ሊሆን ይችላል። ቤታችን የሚገባው 220 ቮልት ነው፤ እሱም ይገድላል። የመጋዙ ዘንግ ብረት ከሆነ ኤሌክትሪክ ያሳልፋል። እርጥብ ቅርንጫፍም ያሳልፋል። ስለዚህ መጋዙ ከሽቦ ቢያንስ 15 ሜትር ይራቅ። ቅርንጫፉ ሽቦውን ከነካ የእናንተ ሥራ አይደለም፤ የመብራት ኃይል ሥራ ነው። ለቅርብ ጽሕፈት ቤታቸው ንገሩ ወይም ወደ 905 ደውሉ። ሽቦ ተበጥሶ ከወደቀ ሰውና ከብት አርቁ። በዱላም ቢሆን አትንኩት።

አሠሪና ሠራተኛ

ብዙ ጊዜ አደጋ የሚመጣው ከመሣሪያው ብቻ አይደለም። ከችኮላም ይመጣል። ባለ ዛፉ «አንተ ልጅ፣ አንዲት ቅርንጫፍ እኮ ናት፤ ቶሎ ጣልልኝ!» ይላል። ልጁም የቀን ሙያተኛ ነው፤ ገንዘቡን ይፈልጋል። እንቢ ቢል ነገ ሌላ ሰው እንዳይጠራ ይፈራል። ይህን እናውቃለን። ቀላል አይደለም። ቢሆንም እንዲህ ማለት ይቻላል፦ «አያ፣ ሽቦው ቅርብ ነው። መብራት ኃይል ሳይመጣ አልነካውም፤ አይቀየሙኝ።» ይህ ፍርሃት አይደለም። ሙያ ነው።

ለባለ ዛፉም ቃል አለን። የጠሩት ልጅ የሰው ልጅ ነው፤ እናት አለችው። ሥራው ለነገ ቢያድር ምን ይጎድላል? ዛፉ ቆሞ ያድራል። ልጁ ቢጎዳ ግን ሐዘኑም ዕዳውም በእርስዎ ደጅ ይሆናል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ? ደም ግን ፈስሶ አይለቀምም።

አደጋ ቢደርስ

ሞተሩን አጥፉ። የሚደማውን ቦታ በንጹሕ ጨርቅ አጥብቃችሁ ተጫኑ። ጨርቁ በደም ቢርስ ሌላ ደርቡበት እንጂ አታንሡት። ቡናም ሆነ አፈር ቁስል ላይ አትነስንሱ። ቶሎ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱ። ስለዚህ ማንም ብቻውን በሞተር መጋዝ አይሥራ። የሚጮህለትና የሚደርስለት ሰው ይኑር።

ጥያቄዎች

1. ሞተር መጋዝ በሚሠራበት ቦታ ሰው ስንት እርምጃ መራቅ አለበት?
2. ወፍራም ቅርንጫፍ ለምን በሦስት ጊዜ ይቆረጣል?
3. በደጃችሁ ሽቦ የሚነካ ዛፍ አለ? ካለ ለማን ትነግራላችሁ?

ሦስተኛውን ጥያቄ በአፍ አትመልሱት። ዛሬ ማታ ከደጃችሁ ወጥታችሁ ቀና ብላችሁ እዩ። ያያችሁትን በደብተራችሁ ጻፉ። ነገም ሄዳችሁ ንገሩ።