ጋቢው ሻንጣ ውስጥ እንዳያልቅ

ዛሬ ብዙ እናቶች ደጋግመው የጠየቁንን ጉዳይ ይዘን ቀርበናል። ከአገር ቤት ይዘነው የወጣነው፣ ወይም እዚሁ የተጠለፈው የእጅ ሥራ፣ ማለትም ጋቢው፣ ቡሉኮው፣ ነጠላውና የጥልፍ አንሶላው እንዴት ይቀመጥ የሚል ነው።

እዚህ ካኩማ ያለን ሰዎች አንድ ጠባይ አለን። ጥሩው ጋቢ "ለፕሮሰስ" ይባልና ሻንጣ ይገባል። ከዚያ ዓመት ይመጣል፣ ዓመት ይሄዳል፣ ሻንጣው አይከፈትም። ካምፑ በ1992 (በፈረንጆች) ሲከፈት የተቋጠረ ሻንጣ ዛሬም ያላቸው ሰዎች አሉ። በጥር ወር 2025 አሜሪካ የስደተኞች ቅበላዋን ስታግድ ደግሞ ጓዛቸውን ሸክፈው በረራ ይጠብቁ የነበሩ ሁሉ ሻንጣቸውን መልሰው አልጋ ሥር ከተቱ። አንዲት ጎረቤታችን እናታቸው የፈተሉትን ጋቢ ለልጃቸው ሠርግ ሊያወጡ ቢዘረጉት፣ ላዩ ነጭ እንደሆነ በእጥፋቱ መስመር ላይ እንደ ወረቀት ተሰነጠቀባቸው። እናትየው ዛሬ በሕይወት የሉም። ጋቢውም ማንም ሳይለብሰው አለቀ።

ነገሩ ምን መሰላችሁ፣ ጋቢ አራት ድርብ ነው። ሲታጠፍ የውጪው ድርብ ይወጠራል። በዚያው መስመር ለዓመታት ከቆየ፣ ሙቀቱ ሲያደርቀው፣ የእኛ አቧራ ደግሞ እጥፋቱ ውስጥ ገብቶ ሲፈገፍገው ክሩ ይበጠሳል። ስለዚህ በየሦስት ወሩ ይውጣ፣ ይራገፍ፣ ከዚያ በሌላ መስመር ይታጠፍ። ባለፈው አራት ላይ ከታጠፈ አሁን ሦስት ላይ ይሁን። እጥፋቱ መሃል ያረጀ ንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ብታስገቡ መስመሩ አይሰበርም። ነጠላና የጥልፍ አንሶላ ከማጠፍ ይልቅ መጠቅለል ይሻላል።

ሳይታጠብ የሚቀመጥ ነገር የለም። ዛሬ የማይታየው ላብና የወጥ ቅባት ከርሞ ቢጫ ሆኖ ይወጣል። ለአንድ ጋቢ ስንት ጀሪካን እንደሚፈጅ እናውቃለን፣ የቧንቧውን ሰልፍም እናውቃለን። ውሃው የሚያጥር ከሆነ ሳሙናውን ቀንሱ እንጂ ማለቅለቁን አትቀንሱ፤ ሳይለቀለቅ የቀረ ሳሙና ራሱ ጨርቁን ያበላሻል። በረኪና አይንካው። ዛሬ ያነጣዋል፣ ክሩን ግን ይበላዋል።

ማድረቁ ላይ ብዙ ሰው ይቸኩላል። ጋቢው ላዩ እኩለ ቀን ሳይሞላ ይደርቃል፣ ውስጡ ግን ገና እርጥብ ነው። ጠርዙን በጣታችሁ ጨበጥ አድርጋችሁ ፈትሹ፤ ቀዝቀዝ ካለ እርጥበት አለው ማለት ነው። ጥለት ያለውን ጥላ ሥር አስጡት፣ ፀሐዩ ቀለሙን ያስለቅቃል። ጥለቱ ቀለም ይለቅ እንደሆነ ለማወቅ እርጥብ ነጭ ጨርቅ ጫን አድርጉበት። ከለቀቀ ሲታጠፍ በመሃሉ ሌላ ጨርቅ ይግባ። የደቡብ ሱዳን ጎረቤቶቻችን ሚላያ የሚሉት ጥልፍ አንሶላም ደማቅ ክር ካለው እንዲሁ ይደረግለት።

የት ይቀመጥ? ፌስታል አይሆንም፤ እርጥበቱን አፍኖ ሻጋታ ያበቅላል። ካርቶን ደግሞ ከሁሉም የከፋ ነው፤ ምስጥን "ግባ" ብሎ መጋበዝ ነው። ምስጥ እንጨቱንም ጥጡንም እኩል ይበላል። የብረት ሳጥን ከአይጥም ከምስጥም ያድናል፣ ግን ይዝጋል፣ በቆርቆሮ ጣራ ሥርም ይግላል። ስለዚህ ልብሱ በአሮጌ አንሶላ ወይም በትራስ ጨርቅ ይጠቅለል፣ ብረቱን እንዳይነካ። ሳጥኑ በአራት ድንጋይ ወይም ጡብ ላይ ይቀመጥ፣ ከግድግዳው አንድ ክንድ ይራቅ። ምስጥ ሲወጣ የጭቃ መንገዱን ሠርቶ ነው የሚመጣው፤ ክፍተት ካለ ታዩታላችሁ፣ ታፈርሱታላችሁ። ዙሪያውን አመድ መነስነስ ያግዝ ይሆናል፣ በሱ ብቻ ግን መተማመን አይገባም። በታራች ወንዝ አጠገብ የምትኖሩ ደግሞ ዝናብ ሳይጥል ከፍ ወዳለ ቦታ አውጡት።

አንድ ነገር ግን አጥብቀን እንላለን። ከሱቅ የሚሸጠውን ነጭ የናፍታሊን ፍሬ ልብስ ውስጥ አትክተቱ። ብል የሚወደው ሱፍ ነው፣ ንጹሕ ጥጥ ብዙም አይነካም። ሕፃናት ደግሞ ከረሜላ መስሏቸው ይውጡታል። ከዚያም የባሰው፣ ናፍታሊን ውስጥ በከረመ ጋቢ አራስ ሕፃን መጠቅለል ነው። በሽታው ብቻ የአንዳንድ ሕፃናትን ቀይ የደም ሕዋሳት ያፈርሳል፣ ዓይናቸውም ሰውነታቸውም ቢጫ ይሆናል፤ የሞቱም አሉ። ማጠብ ብቻም አያስተማምንም። ከዚህ በፊት ናፍታሊን የነካው ካለ ለአራስ አይሁን። ሽታ ለምትወዱ አሪቲ በቁራጭ ጨርቅ ቋጥሮ ማስገባት ይበቃል።

ቡሉኮ ለብቻ አይታጠፍም፣ ሁለት ሰው ይፈልጋል። ልጆቹን ጥሩና ጫፉን ያዙ በሏቸው፤ ማን እንደፈተለው፣ ማን እንደሸመነው እግረ መንገዳችሁን ንገሯቸው። በክፍላችን ጋቢ ስንት ድርብ እንደሆነ ብንጠይቅ እጅ ያወጣው አንድ ልጅ ብቻ ነበር፣ እሱም የሸማኔ ልጅ ነው።

በሚቀጥለው ዕትም የፎቶግራፍና የትምህርት ማስረጃ አቀማመጥን እናነሳለን። እስከዚያው ሰላም ቆዩን።