የመዝናኛው ሐይቅና የሸለቆው ሕዝብ



የግል ንብረት ባለቤቱ እንደ ወደደ የሚያዝበት ነው ይባላል። ይሁን እንጂ ከፍ ካለ ሥፍራ የተከማቸ ውሃ የባለቤቱን ወሰን አያውቅም፤ የተለቀቀ ዕለት የሚሄደው ቁልቁል ወደ ጎረቤት ነው። በአሜሪካ፣ በፔንሲልቫኒያ ግዛት፣ ከጆንስታውን ከተማ በላይ የነበረው የሳውዝ ፎርክ ግድብ ለዚህ ምስክር ነው። ዘመኑን የምንጠቅሰው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ግድቡ 22 ሜትር ያህል ከፍታ የነበረው የአፈር ግድብ ሲሆን፣ መጀመሪያ የተሠራው ለጀልባ ቦይ ውሃ ለማጠራቀም ነበር። በ1879 እነ አንድሩ ካርኔጊንና ሄንሪ ፍሪክን የመሳሰሉ የፒትስበርግ ባለጸጎች አባል የሆኑበት የዓሣ ማጥመጃና የአደን ክበብ ገዛው። ለሠረገላ መተላለፊያ እንዲመች የግድቡ አናት ዝቅ ተደረገ፤ ዓሣው እንዳያመልጥ በትርፍ ውሃ መውጫው ላይ የብረት መረብ ተዘረጋ። ቀድሞ ተነቅለው የተሸጡት የማፍሰሻ ቧንቧዎችም ስላልተተኩ፣ ሐይቁ ሲሞላ ማጉደያ መንገድ አልነበረም።

በ1880 ከከተማው የብረት ፋብሪካ የተላከ መሐንዲስ ጉድለቱን መርምሮ ጻፈ፤ ፋብሪካውም የጥገናውን ወጪ ለመካፈል ፈቃደኛ ሆነ። ክበቡ ግን የሚያሰጋ ነገር የለም ሲል መለሰ። ሕዝቡም «ግድቡ ሊፈርስ ነው» የሚል ወሬ በየጊዜው እየሰማ ሳይፈርስ ስለ ቀረ፣ ማስጠንቀቂያን እንደ ተረት መቁጠር ለመደ።

ሜይ 31 ቀን 1889 ከባድ ዝናም ሐይቁን ሞላው። ሠራተኞች አናቱን በአፈር ለማሳደግና መረቡን የደፈነውን ግንድና ቆሻሻ ለማንሣት ቢጣጣሩም አልሆነላቸውም። በቴሌግራፍ የተላከውንም ማስጠንቀቂያ ከቁም ነገር የቆጠረው ጥቂት ሰው ነበር። ከቀትር በኋላ በ9 ሰዓት ገደማ ግድቡ ተደረመሰ፤ ጎርፉም 22 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ በአንድ ሰዓት ገደማ ከከተማው ደረሰ። ከ2,200 በላይ ሰዎች አለቁ፤ 99 ቤተሰቦች አንድም ሰው ሳይተርፍላቸው ጠፉ። ክበቡን በፍርድ ቤት ረትቶ ካሣ የተቀበለ ግን አልተገኘም።

ዘብ የቆመ ወታደር ጠላት ትናንት አልመጣም ብሎ ዛሬ አያንቀላፋም። እናንተም እኅቶቻችን፣ ከመንደራችሁ በላይ ኩሬ ወይም ግድብ ካለ፣ የትርፍ ውሃው መውጫ ክፍት መሆኑን፣ በአፈሩ ላይ ስንጥቅ ወይም ድፍርስ ውሃ የሚያፈልቅ ቀዳዳ አለመኖሩን ክረምት ሳይገባ ተመልከቱ፤ ያያችሁትን ለአለቃ አስታውቁ፤ ልጆቻችሁም የሚሸሹበትን ከፍታ አስቀድመው ይወቁ። ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በርጥቡ ነውና።