ጀልባዋ ሳትበሳ

ለቤተሰብ ዓምዳችን ከሚደርሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ ልጆች አስተዳደግ፣ ስለ ጓዳ ሥራና ስለ ጤና አጠባበቅ የሚጠይቁ ናቸው። በዚህ ሳምንት የምንመልሰው ግን ለየት ያለ ነው። ጸሓፊዋ በጫሞ ሐይቅ አካባቢ የሚኖሩ፣ በሃምሳ አለቃነት ማዕረግ ጡረታ የወጡ የሠራዊት አባል ባለቤት ናቸው። ባለቤታቸው ከጡረታቸው ባጠራቀሙትና ከዕቁብ በደረሳቸው ገንዘብ አንዲት የፋይበርግላስ ጀልባ ገዝተው ከበኵር ልጃቸው ጋር ዓሣ ያሰግራሉ። በቅርቡ አንድ ዘመድ ከውጭ አገር የዓሣ መፈለጊያ መሣሪያ ልኮላቸዋል። የወይዘሮዋ ወንድም መካኒክ ናቸውና ትራፓኗቸውን ይዘው መጥተው፣ የጀልባዋን ወለል በስተው መሣሪያውን ሊተክሉ ሲነሡ ወይዘሮዋ በጀልባዋና በትራፓኖው መካከል ቆመው ከለከሉ። ልጁ ዋና አያውቅም፤ ሐይቁም አዞና ጉማሬ ያለበት ነው። ጥያቄያቸው አጭር ነው፤ ሳይበሳ አይሆንምን?

ይሆናል። እንዲያውም ለእንዲህ ዓይነቷ ጀልባ እኛም የምንመርጠው ይህንኑ ነው። ነገር ግን ይህን ስንል በአንድ ግዴታ ላይ ቆመን ስለሆነ፣ ግዴታው ምን እንደሆነ ከመግለጻችን በፊት የመሣሪያውን አሠራር በአጭሩ ማስረዳት ይገባናል።

የዓሣ መፈለጊያ መሣሪያ ሁለት ክፍሎች አሉት። አንደኛው ሥዕሉ የሚታይበት ሰሌዳ ነው። ሁለተኛው ደግሞ በገመድ የተያያዘው፣ ከመዳፍ የማይበልጠውና ትራንስዱሰር የሚባለው ነው። በትራንስዱሰሩ ሆድ ውስጥ ከሸክላ መሰል ነገር የተሠራ ትንሽ ዝርግ አካል አለ፤ ኤሌክትሪክ ሲደርሰው ይርገበገባል፤ በአንድ ሴኮንድ 200,000 ጊዜ ያህል እየተርገበገበም የሰው ጆሮ የማይሰማውን ድምፅ ወደ ታች ይልካል። ድምፁ ከሐይቁ ወለል ወይም ከዓሣ ጋር ተጋጭቶ እንደ ገደል ማሚቶ ሲመለስ ያው አካል ይቀበለዋል። ድምፅ በሐይቅ ውኃ ውስጥ በሴኮንድ 1,480 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ ከ10 ሜትር ጥልቀት ደርሶ ለመመለስ ከሴኮንድ አንድ ሺሕኛ 14 ያህሉ ብቻ ይበቃዋል። መሣሪያው ይህን ጊዜ ለክቶ ጥልቀቱን ይነግረናል። የዚህ ጥበብ መሠረት የተጣለው በጦር ሜዳ መሆኑን ለአባሎቻችን ማስታወስ ደስ ይለናል፤ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ጊዜ ፖል ላንዥቨን የተባሉት ፈረንሳዊ ሊቅ የጠላት ሰርጓጅ መርከብ የሚፈለግበትን መሣሪያ በዚሁ መንገድ ሠርተዋል። ለዓሣ አስጋሪዎች የሚሆነውንም እ.ኤ.አ. በ1948 ዓ.ም. የጃፓኑ ፉሩኖ ለገበያ አበቃው።

እንግዲህ ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ይህ ድምፅ በውኃ ውስጥ እንደ ልቡ ይሄዳል፤ በጠጣር ፋይበርግላስም ውስጥ ጥቂት ደከም ብሎ ያልፋል። አየር ሲገጥመው ግን ግድግዳ እንደ ገጠመው ሆኖ ወደ መጣበት ይመለሳል። መሣሪያው ዓሣውን የሚያየውም በአብዛኛው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ዓሣው በሆዱ ውስጥ ያለችው የአየር ከረጢት ድምፁን ትመልስበታለችና። ስለዚህ በትራንስዱሰሩና በውኃው መካከል አንዲት የአየር አረፋ ብትገባ መሣሪያው ከዓሣው አስቀድሞ እርሷን አይቶ ይቀራል። እናቶች ይህን ከማንም ይልቅ ያውቁታል። ነፍሰ ጡር ሴት ለአልትራሳውንድ ምርመራ ስትቀርብ ሐኪሙ ሆዷ ላይ ቀዝቃዛ ዝልግልግ ቅባት የሚያፈስሰው በመሣሪያውና በቆዳዋ መካከል አየር እንዳይቀር ነው። ሆዷን መብሳት አላስፈለገም፤ ጀልባዋንም እንደዚሁ።

አሁን ወደ ግዴታው እንመለስ። የጀልባዋ ወለል ጠጣር ፋይበርግላስ መሆን አለበት። አንዳንድ ፋብሪካዎች ጀልባው ቀላል እንዲሆን በሁለት ስስ የፋይበርግላስ ሽፋኖች መካከል ፎም ወይም ቀላል እንጨት ይከትታሉ። ሁለቱም በውስጣቸው አየር ስላለ ድምፁን ያፍኑታል። የእንጨት ጀልባም በዚሁ ምክንያት አይሆንም፤ በብረትና በአሉሚኒየምም ላይ መተማመን አይገባም። ወለሉን በጠመንጃ መፍቻ እጀታ ቢያንኳኩት ባዶ ድምፅ የሚሰጠው ያጠራጥራል፤ ነገር ግን በማንኳኳት ብቻ አይፈረድም። ፍርዱን የሚሰጠው ሙከራ ነው፤ ሙከራውም ምንም አያስወጣም።

ሃምሳ አለቃና ወንድምዎ ጀልባዋን ወደ ውኃ አውጥተው፣ መጀመሪያ ትራንስዱሰሩን በጀልባዋ ጎን ወደ ውኃው አስገብተው የሚታየውን ጥልቀት ይጻፉ። ቀጥሎ ውኃ በተሞላ ፌስታል ውስጥ ይክተቱት፤ የጀልባዋንም ወለል በውኃ አርሰው ፌስታሉን እዚያው ላይ አስቀምጠው ትራንስዱሰሩን ወደ ታች ይጫኑት። ቍጥሩ ከፊተኛው ጋር ከተስማማና የሐይቁ ወለል መሥመር ደምቆ ከታየ፣ ያ ቦታ ይሆናል። ካልሆነ ሌላ ቦታ ይሞክሩ። የሚሻለው ወደ ኋላ ሆኖ ወደ መሐል የተጠጋ፣ ጀልባዋ ስትፈጥንም ከውኃ የማይነሣ፣ ከሥሩ ጎድን ወይም ቀዳዳ የሌለበት ቦታ ነው። ሙከራው ቆመው ብቻ ሳይሆን ሞተር አስነሥተውም ይደረግ፤ በጸጥታ ጊዜ አጥርቶ የሚያይ ቦታ ጀልባዋ ስትሄድ በሚነሣው አረፋ ሊታወር ይችላልና።

ቦታው ከተገኘ በኋላ ሥራው የትዕግሥት ነው። የወለሉን ቀለምና ቅባት በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ፣ በአልኮል ወልውሎ ማድረቅ ያስፈልጋል። ማጣበቂያው ሁለት ዓይነት ተቀላቅሎ የሚሠራው ኢፖክሲ ሙጫ ሲሆን፣ በአምስት ደቂቃ የሚደርቀውን ሳይሆን ሌሊቱን ሙሉ የሚቆየውን እንመርጣለን። ፈጣኑ የአየር አረፋው ሳይወጣ ይደርቃልና ነው። ሙጫው ሲቀላቀል እንደ እንቁላል አይመታ፤ ቀስ ተብሎ ይማሰል። ትራንስዱሰሩ ሙጫው ላይ ተቀምጦ ወዲያና ወዲህ እየተጠማዘዘ ይጫን፤ አረፋው በዳር በኩል ሲወጣ ይታያል። ከዚያ በላዩ ትንሽ የአሸዋ ከረጢት ጭኖ እስከ ማግስቱ አለመንካት ነው። ገመዱ ረዘመ ተብሎ አይቈረጥ፤ ይጠቅለልና ይታሰር።

አንድ ጊዜ የተጣበቀ ትራንስዱሰር ሳይሰበር የሚነሣ አይደለም። ይህ ለሚያሳስበው ሰው ሌላ ዘዴ አለ። ሰፋ ካለ የፕላስቲክ ቧንቧ አጭር ቁራጭ ተቈርጦ አፉ ከጀልባዋ ወለል ጋር በኢፖክሲ ይጣበቃል። ትራንስዱሰሩ በውስጡ ይቀመጥና ቧንቧው በፈሳሽ ይሞላል። ብዙዎች የሚጠቀሙበት ፈሳሽ ለሕፃናት ገላ የሚቀባው ጥርት ያለ ዘይት ነው፤ ወይዘሮዋ ከቤታቸው ሳይወጡ ሳያገኙት አይቀሩም። የጀልባዋ ወለል ወደ ጎን ያዘነበለ ከሆነ ቧንቧውን በዚያው ልክ አዘንብሎ በመቍረጥ ትራንስዱሰሩ ቀጥ ብሎ ወደ ታች እንዲያይ ማድረግ ስለሚቻል፣ እኛ እንዲያውም ይህኛውን እናስበልጣለን።

በወለል ውስጥ ሲያልፍ ድምፁ ጥቂት ኀይል ማጣቱ አይቀርም። ከ1,400 ሜትር በላይ ጥልቀት ባለው በታንጋኒካ ሐይቅ ላይ ቢሆን ይህ ያሳስብ ነበር፤ ጥልቀቱ 20 ሜትር በማይደርሰው በጫሞ ላይ ግን የሚያስጨንቅ አይደለም። ነገር ግን ደብዳቤው ያልነገረን አንድ ጉዳይ አለ። የተላከው መሣሪያ ግራና ቀኝ እያየ እንደ ፎቶግራፍ ያለ ሥዕል የሚያወጣ ዘመናዊ ዓይነት ከሆነ፣ የዚያ ድምፅ በፋይበርግላስ ውስጥ በደኅና አያልፍምና ትራንስዱሰሩ ከውጭ ውኃው ውስጥ መግባት አለበት።

ያም ቢሆን መብሳት ግድ አይደለም። ከጠንካራ እንጨት የተሠራ መዳፍ የምታህል ቁራጭ ከጀልባዋ የኋላ ግድግዳ ጋር በኢፖክሲ ትጣበቅና ትራንስዱሰሩ በእርሷ ላይ በብሎን ይታሰራል። የብሎኑ ርዝመት ከእንጨቷ ውፍረት ማነስ አለበት፤ እንጨቷም ውኃ እንዳትጠጣ ዙሪያዋን ሙጫ ትቀባ። ነጩን የፕላስቲክ መክተፊያ ቈርጠው ለዚህ የሚያውሉ አሉ፤ ያ ፕላስቲክ ሙጫ የማይዘው ስለሆነ አንድ ቀን ከነመሣሪያው ሐይቅ ውስጥ ይቀራል። መክተፊያዎ በጓዳዎ ይቆይ። የእንጨት ጀልባ ላላቸው ደግሞ ትራንስዱሰሩን በዘንግ ጫፍ አስረው ዘንጉን ከጀልባው ጠርዝ ጋር በአናጢ ሞርሳ ማጥበቅ ይበቃቸዋል፤ ወደ ዳር ሲጠጉ ዘንጉን ማንሣት እንዳይረሱ እንጂ።

ወንድምዎን ግን አይቈጧቸው። በትልልቅ መርከቦች ላይ ወለልን በስቶ መትከል የተለመደ ሥራ ነው፤ ለዚያ የተሠራ ዕቃና የሠለጠነ እጅ እስካለ ድረስም ነውር የለበትም። በትንሽ ጀልባ ላይ ግን ሒሳቡ ሌላ ነው። ከውኃው ገጽ 30 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ የሚገኝ 5 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቀዳዳ መድፈኛው ቢለቅ በደቂቃ ከ150 ሊትር በላይ ውኃ ያስገባል፤ አንድ የናፍጣ በርሜል በደቂቃ ተኩል ውስጥ ይሞላል ማለት ነው። የአንዲት 5 ሚሊ ሜትር ብሎን ቀዳዳ እንኳ ክፍት ብትቀር በሰዓት አምስት ጀሪካን ያህል ታስገባለች። ከዚህም በላይ የብዙ ፋይበርግላስ ጀልባዎች የኋላ ግድግዳ በመካከሉ ኮምፔርሳቶ አለበት፤ በቀዳዳው የሰረገው ውኃ ውጪው ሳይለወጥ ውስጡን ያበሰብሰዋል፤ ሞተሩም የተንጠለጠለው በዚያው ግድግዳ ላይ ነው።

ትራፓኖውም ቢሆን ሥራ አያጣም፤ የእንጨቷን ቁራጭም ሆነ ዘንጉን የሚበሳው እርሱ ነው። ለመድፈኛ ዕቃ ሊወጣ የነበረው ገንዘብ ደግሞ ለልጁ ተንሳፋፊ ሰደርያ መግዣ ይዋል፤ ጀልባዋ ብትበሳም ባትበሳም ዋና የማያውቅ ልጅ ያለ እርሱ ጫሞ ላይ መውጣት አይገባውም። የፌስታሉ ሙከራ ምን እንዳሳየ ቢጽፉልን በዚሁ ዓምድ እናወጣዋለን።